ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ፦ እኛ ያለፍንበት

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ማያስቴኒያ ግራቪስ፣ ማለትም ጡንቻን የሚያዝል በሽታ፣ አለበት ተብለው በአማርኛ የሚያነቡት አጥተው ሌሊቱን ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ለሚያድሩ እናቶችና አባቶች ነው። እኔም እንደዚያ ሳድር ከርሜያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሜሪላንድ ውስጥ የምኖር፣ የቢሮ ሥራ የምሠራ እናት ነኝ። ልጄ ስትታመም አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፣ አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል። ለብዙ ሕፃናት የሚበቃው መድኃኒት ለእሷ አልበቃ ብሎ ቆይቶ፣ ዛሬ ከአዲሶቹ መድኃኒቶች አንዱን ትወስዳለች። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማስቀምጠው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጃችሁ አዲሱን መድኃኒት ማግኘት አለማግኘቷን የሚወስነው በሦስት ጉዳይ ላይ በእጃችሁ ያለው ወረቀት ነው፦ ደሟ ውስጥ የተገኘው አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚሠራው፣ እዚህ ግን ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃው ነገር) የትኛው እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደተፈቀደ፣ እና እስካሁን ምን ተሞክሮ ምን እንዳልሠራ። እዚህ ከምነግራችሁ ውስጥ ብዙው ወደዚህ የሚመለስ ነው።

ሲጀምር ዓይኗ ነበር። ማታ የቤት ሥራ ስትሠራ ቀኝ ዓይኗ ከደን ይላል፤ ጠዋት ስትነሳ ምንም የለባትም። ቀጥሎ ሰሌዳው ሁለት ሆኖ ይታየኛል ማለት ጀመረች። ከዚያ ማኘክ ተቸገረች። የእሑድ ምሳ ላይ ጥብስ ስትበላ አየኋት፦ የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች በደንብ ታኝካለች፣ ከዚያ ግን መንጋጋዋ ይዝላል፣ ስለዚህ ግራ እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ወደ ላይ እየገፋች ታኝካለች። ውሃ ስትጠጣ በአፍንጫዋ ይመለሳል። ፀጉሯን ራሷ ስትጎነጉን እጆቿ መሃል ላይ ይወድቃሉ፤ አረፍ ብላ ትቀጥላለች። ፈገግ ስትል ደግሞ ከንፈሯ ወደ ጎን ስለማይሳብ የተቆጣች ትመስል ነበር፣ ይኼን አስተማሪዋ እንደ ስድነት ወስዳው ደብዳቤ ልካልኛለች።

የበሽታው ጠባይ እንዲህ ነው፦ በሥራ ይዝላል፣ በዕረፍት ይመለሳል፣ ማታ ይብሳል። ሐኪም ቤት ቀጠሮ የሚሰጠው ደግሞ ጠዋት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያዩዋት ሁሉ ደህና ናት አሉን። አንዱ መነጽር አዘዘላት፤ ሌላው ከትምህርት ቤት ጭንቀት ጋር አያይዞ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላካት። በእኛም በኩል ወሬው አልቀረም። አንዷ አክስቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ገና በጠዋቱ ጸበል ወሰደቻት። ስትመለስ ዓይኗ ተገልጦ ነበር! ቤቱ እልል አለ። ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ ተከደነ።

ይህን የማነሳው በጸበል ለማሾፍ አይደለም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ነገሩ ግን የራሱ ምክንያት አለው። በዚህ በሽታ የደከመ ጡንቻ ሲቀዘቅዝ ለጊዜው ይጠነክራል፣ ሲሞቅ ይዝላል። ሐኪሞችም ይህንኑ ለምርመራ ይጠቀሙበታል፦ በተከደነው ዓይን ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለሁለት ደቂቃ ያስቀምጡና የዓይን ቆቡ ከፍ ማለት አለማለቱን ያያሉ። ስለዚህ ልጃችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ነክቷት ዓይኗ ቢገለጥ ደስ ይበላችሁ፣ ግን ሕክምናውን አታቋርጡ። የንስሐ አባታችን ሲሰሙ «ልጄ፣ መድኃኒቱንም እግዚአብሔር ነው የሰጠው፤ ክኒኑን በሰዓቱ ስጫት፣ ጾሙንም አታስጾሚያት» ነው ያሉኝ። ቤተሰቡን ዝም ያሰኘው የእሳቸው ቃል ነው፣ የእኔ ክርክር አልነበረም። እናንተም ዘመድ ካስቸገራችሁ አባታችሁን በጊዜ አማክሩ።

ነገሩ የተቀየረው በቤተ ክርስቲያን የምታውቀን አንዲት ነርስ «እስቲ ማታ ሲብስባት ቪዲዮ ቅረጫት» ካለችን በኋላ ነው። ጠዋትና ማታ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን ቀረጽኳት። ወደ ላይ አንጋጣ ሳትጨፍን እንድትቆይ አድርጌ፣ ቆቡ ቀስ እያለ ሲወርድ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ነበር። የሕፃናት ነርቭ ሐኪሟ ቪዲዮውን እንዳየች በዚያው ቀን በረዶውን አመጣች፣ ደምም አስቀዳች። ምልክቱ የሚመላለስ ልጅ ካለቻችሁ ምንም ሌላ ባታደርጉ ይህን አድርጉ።

በሽታው ምን እንደሚያደርግ በአጭሩ ልበል። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝዘው አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል እየላከ ነው፤ ጡንቻው ላይ ደግሞ ይህን የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ። የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ በእነዚህ ተቀባዮች ላይ አንቲቦዲ ይሠራል፣ ተቀባዮቹም እየፈረሱ ያልቃሉ። ይህ የታወቀው በ1973 ጥንቸሎች ላይ በተሠራ ሙከራ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ዓሣ የወጣውን ተቀባይ ሲወጓቸው ጥንቸሎቹ ደከሙ። የደም ምርመራውም ይህንኑ አንቲቦዲ ይፈልጋል። የልጄ ደም ውስጥ የተገኘው የተለመደው፣ የአሴቲልኮሊን ተቀባይን የሚያጠቃው ነው። ሌላ መስክ (MuSK) የሚባል አንቲቦዲም አለ። ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ባልደረሱ ሕፃናት ላይ ግን በሽታው እያለ ምርመራው ምንም ላያሳይ ይችላል። ልጃችሁ ሕፃን ሆና አንቲቦዲ ካልተገኘባት፣ በተለይ ከጨቅላነቷ ጀምሮ ደካማ ከነበረች ወይም በቤተሰቡ ተመሳሳይ ነገር ካለ፣ የዘር ምርመራ እንዲደረግላት ጠይቁ። በዘር የሚመጣ የሚመሳሰል በሽታ አለ፤ እሱ ከሰውነት መከላከያ ጋር ስለማይገናኝ፣ መከላከያን የሚያዳክመው ስቴሮይድም ሆነ አዲሶቹ መድኃኒቶች አይሠሩለትም። ለዓመታት በከንቱ ስቴሮይድ የተሰጣቸው ልጆች አሉ።

የመጀመሪያው መድኃኒት ፒሪዶስቲግሚን ነው፣ ብዙ ሰው ሜስቲኖን ይለዋል። የዚህ ቤተሰብ መድኃኒት ለበሽታው እንደሚሠራ ያሳየችው ሜሪ ዎከር የተባለች ሐኪም ናት፣ በ1934 ለንደን ውስጥ። በሽታውን አያድንም፤ ያለውን አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። ለልጄ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሥራት ይጀምርና ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ከዚህ የተማርነው ዘዴ ክኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት መስጠት ነው፤ ያኔ ማኘክና መዋጥ ይቀላታል። ሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል፣ ትንሽ ብስኩት ወይም ዳቦ ቀድማ ስትቀምስ ይቀንስላታል። ሲበዛ ደግሞ ራሱ ያደክማል፦ ምራቅ መብዛት፣ ላብ፣ ቁርጠት ካያችሁ ሐኪሟን ሳታናግሩ መጠን አትጨምሩ።

ቀጥሎ ፕሬድኒሶን የሚባለው ስቴሮይድ መጣ። ስለ ስቴሮይድ ብዙ ተብሏል፣ ፊቷ አበጠ፣ ምግብ አልበቃ አላት፣ ታለቅሳለች፤ አሥራ ሁለት ዓመት ለሞላት ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። እኔ ግን ሌላ ነገር ላስታውሳችሁ። ልጄ የተወለደችው ጎንደር ነው፣ እዚህ የመጣችው በአምስት ዓመቷ ነው። አገር ቤት የኖረ ሰው ሰውነት ውስጥ ስትሮንጂሎይድስ የሚባል የአንጀት ትል ምንም ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ሲጀመር ይህ ትል በሰውነት ተሰራጭቶ እስከ ሞት ያደርሳል። ምርመራው የደም ነው፣ ሕክምናው አይቨርሜክቲን ነው፣ ሁለቱም ቀላል ናቸው። እዚህ ያሉ ሐኪሞች ሁሉ ትዝ አይላቸውም። ስለዚህ ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት «ልጄ ኢትዮጵያ ኖራለች፤ ስትሮንጂሎይድስ፣ ቲቢና የጉበት ቫይረስ ቢ ይታይልኝ» በሉ። የእኔን ሐኪም ያስታወሳት የነርሷ ምክር ነው። የልጄ ምርመራ ትሉን አሳየ፣ ታከመች፣ ከዚያ ስቴሮይዱ ተጀመረ። ሌላው ደግሞ ስቴሮይድ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድካሙን ሊያብስ ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ የሚደነግጡ አሉ። በድንገት ማቆም ደግሞ ፈጽሞ አይቻልም።

የታይመስ ዕጢዋም ወጣ። ከደረት አጥንት በስተጀርባ ያለ ዕጢ ነው፤ ስህተቱ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው ይባላል። በ2016 የወጣው ትልቁ ጥናት በአዋቂዎች ላይ ዕጢውን ማውጣት እንደሚጠቅም አሳይቷል፤ ለልጆች ሐኪሞች ከዚያ እየተነሱ ነው የሚወስኑት። ቀዶ ሕክምናው በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ስለሆነ ቶሎ አገገመች። ጥቅሙ ግን በወራትና በዓመታት ነው የሚታየው። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ እየጠበቃችሁ ራሳችሁን አታሰቃዩ።

ከባዱ ጊዜ የመጣው በ2024 ክረምት፣ እዚህ በረዶ በሚጥልበት ወቅት ነው። ጉንፋን ያዛት። ቅዳሜ ነበርና ሐኪሟ ስለሌለች ሠፈራችን ወዳለ የአስቸኳይ ክሊኒክ ወሰድናት። በሽታዋ በመዝገባቸው ላይ ተጽፏል፤ ቢሆንም በሽታዋን ሊያብስ የሚችለውን አዚትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ አዘዙላት። እሑድ ማታ ድምፅዋ በአፍንጫዋ ሆነ፣ ምራቋን መዋጥ አቃታት፣ ጋደም ስትል ትተናነቃለች። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ግን 98 ይላል! በዚያ መለኪያ እንዳትታለሉ። በዚህ በሽታ የሚደክመው ሳንባ ሳይሆን አየር የሚስበው ጡንቻ ነውና ኦክስጅኑ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው።

እኛን ያተረፈን ነርሷ ያስተማረችን ዘዴ ነው። ልጄ በደህና ቀኗ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብላ ስትቆጥር የት እንደምትደርስ አውቀን ማቀዝቀዣው ላይ ጽፈን ለጥፈን ነበር። የዚያን ማታ የግማሹን ያህል እንኳ አልደረሰችም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች፣ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ አየሩ አለቀ። አምቡላንስ ጠራን። አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገባች፣ ባይፓፕ የሚባለውን ለመተንፈስ የሚያግዝ ጭንብል አደረጉላት፣ በቱቦ ደሟን እያወጡ ፕላዝማውን፣ ማለትም አንቲቦዲው ያለበትን የደም ፈሳሽ፣ ቀየሩላት። ፕላዝማ መቀየርም ሆነ አይቪአይጂ የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ አንቲቦዲ በቀናት ውስጥ ይሠራሉ፣ ግን ከሳምንታት በኋላ ኃይላቸው ያልቃል።

ስለዚህ ይህን በሽታ ሊያብሱ የሚችሉትን መድኃኒቶች ዝርዝር ጻፉና በስልካችሁም በቦርሳዋም አኑሩ። ከአንቲባዮቲክ ውስጥ ጄንታማይሲንና ቤተሰቦቹ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቤተሰቦቹ፣ አዚትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፤ በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዚየም፤ ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶች፤ ለወባ ክሎሮኪንና ኩኒን። ሁሉም በማንኛውም ሁኔታ ክልክል ናቸው ማለት አይደለም፤ ሌላ አማራጭ ጠፍቶ በክትትል የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ያዘዘው ሰው ስለ በሽታዋ እያወቀ ማዘዝ አለበት። ፋርማሲስቱንም ጠይቁ፤ እኔ አሁን መድኃኒት የምገዛው ከአንድ ፋርማሲ ብቻ ነው፣ ኮምፒውተራቸው ያስጠነቅቃቸዋል።

አገር ቤት ላላችሁ ይህ ዝርዝር ከእኛ ይልቅ ለእናንተ ይበልጥ ያስፈልጋል። ለትራኮማ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ነው፤ ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ነው፤ ጄንታማይሲን ደግሞ በየጤና ጣቢያው አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በር ስታንኳኳ ስለ ልጁ በሽታ ንገሯት። ወባ ከያዘው ደግሞ መድኃኒት አንወስድም ብላችሁ እንዳትቀመጡ፣ ወባው ራሱ ይገድላል። ለሐኪሙ ነግራችሁ ሌላ ምረጡለት በሉ።

ከክራይሲሱ (እንዲህ ትንፋሽ የሚያሳጣው ድንገተኛ መባስ ስሙ ይህ ነው) በኋላ በየወሩ አይቪአይጂ፣ ከዚያ መከላከያን የሚያዳክሙት ማይኮፌኖሌት፣ ቀጥሎም ሪቱክሲማብ ተሞከረላት። ሪቱክሲማብ በተለይ መስክ አንቲቦዲ ላላቸው በደንብ ይሠራል፤ ለልጄ ግን የረባ ለውጥ አላመጣም። ስቴሮይዱን በቀነስን ቁጥር ትወድቃለች። ሐኪሟ ያኔ ነው በመዝገቧ ላይ ለሕክምና አስቸጋሪ የሆነ ብላ የጻፈችው። ስሰማው አለቀስኩ፤ በኋላ ግን በሩን የከፈተልን ያ ቃል ሆነ።

አዲሶቹ መድኃኒቶች በሁለት ይከፈላሉ ብላችሁ ያዙት። የመጀመሪያዎቹ ኮምፕሊመንት የሚባለውን የመከላከያ ክፍል ያግዳሉ። አንቲቦዲው ተቀባዩ ላይ ሲለጠፍ ኮምፕሊመንት መጥቶ ነው የሚያፈርሰው፤ መድኃኒቱ መጨረሻው ደረጃ ላይ ያስቆመዋል። ቀዳሚው ኤኩሊዙማብ ነው፣ የንግድ ስሙ ሶሊሪስ። ለዚህ በሽታ አሜሪካ ውስጥ ለአዋቂዎች የተፈቀደው በ2017 ነው፤ አውሮፓ በ2023 ሌላው ሕክምና ላልሠራላቸው ከስድስት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ፈቀደ፤ አሜሪካም በ2025 መጀመሪያ ከስድስት ዓመት ጀምሮ ፈቀደች። የሚሠራው የአሴቲልኮሊን ተቀባይ አንቲቦዲ ላለባቸው ብቻ ነው።

ሁለተኛዎቹ አንቲቦዲውን ራሱን ይቀንሳሉ። ሰውነታችን አንቲቦዲን ቶሎ አይጥልም። የለስላሳ ጠርሙስ ባዶው እየተሰበሰበ ፋብሪካ ተመልሶ እንደሚሞላው፣ ኤፍሲአርኤን የሚባል ተሸካሚ አንቲቦዲን ከመፍረስ አድኖ ወደ ደም ይመልሰዋል። መድኃኒቱ ተሸካሚውን ይይዝና አንቲቦዲው ይወገዳል። ኤፍጋርቲጂሞድ በ2021 መጨረሻ ለአዋቂዎች ተፈቀደ፤ ኒፖካሊማብ ደግሞ በሚያዝያ 2025 ከአሥራ ሁለት ዓመት ጀምሮ፣ የአሴቲልኮሊን ተቀባይም ሆነ የመስክ አንቲቦዲ ላለባቸው ተፈቀደ። መስክ ያለባት ልጅ ካለቻችሁ ይህን ልዩነት አስታውሱ። የእነዚህ ጣጣቸው መጥፎውንም ጥሩውንም አንቲቦዲ አብረው መቀነሳቸው ነው። አይቪአይጂ ራሱ አንቲቦዲ ስለሆነ ከእነሱ ጋር አይሄድም፣ ያስወግዱታል።

እውነቱን ለመናገር በልጆች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው። ኤኩሊዙማብ በወጣቶች ላይ የተሞከረበት ጥናት አሥራ አንድ ልጆች ብቻ ነበሩበት። በሽታው በልጆች ላይ ስለማይበዛ ብዙ ልጅ ማግኘት አይቻልም። ባለቤቴ ይህን ቁጥር ሲሰማ «በልጄ ላይ አይሞከርም» ብሎ ነበር። ያሳመነው ሐኪሟ የነገረችን ሌላ ነገር ነው፦ ይኸው መድኃኒት ለአንድ ብርቅ የኩላሊት በሽታ ከ2011 ጀምሮ ለሕፃናት ጭምር ሲሰጥ ቆይቷል፣ ስለዚህ አደጋው ምን እንደሆነ ይታወቃል። እኛ ኤኩሊዙማብን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላ ቤተሰብ ሌላውን ቢመርጥ አልደነቅም።

ከዚያ ኢንሹራንስ መጣ። በመጀመሪያ የጠየቅነው መድኃኒቱ ለልጆች ከመፈቀዱ በፊት ነበርና በዕድሜዋ ምክንያት ከለከሉን። ፈቃዱ እንደወጣ ሐኪሟ እንደገና አመለከተች፤ አሁን ደግሞ ሌሎቹ መድኃኒቶች በቂ ጊዜ አልተሞከሩም አሉ። ወረቀቱ ጠቃሚ የሆነው እዚህ ላይ ነው። እኔ ደብተር ነበረኝ፦ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን፣ መጠኑ፣ ምን እንዳመጣ፣ ለምን እንደቆመ፣ ሆስፒታል የገባችባቸው ቀናት። የሐኪሟ ረዳት ያንን ይዛ ከመዝገቡ ጋር አስተያይታ ይግባኙን ጻፈች፣ ሐኪሟም ከኢንሹራንሱ ሐኪም ጋር በስልክ ተነጋገረች። ተፈቀደ። የመጀመሪያውን እምቢታ እንደ መጨረሻ አትዩት። የእምቢታውን ደብዳቤ አትጣሉ፤ ምክንያቱና የይግባኙ ቀነ ገደብ እሱ ላይ ነው ያለው። ለራሱ ለኢንሹራንሱ ያቀረባችሁት ይግባኝ ካልሆነ ከኢንሹራንሱ ውጭ ያለ ገለልተኛ አካል እንዲያየው የመጠየቅ መብት አላችሁ። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላችሁ ደግሞ ኢፒኤስዲቲ የሚባለውን የልጆች ሽፋን ያዙ፤ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በሕክምና አስፈላጊ የሆነውን እንዲሸፍን ሕጉ ያስገድደዋል። እንግሊዝኛው የማይመቻችሁ ከሆነ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ ልጃችሁን ራሷን አስተርጓሚ አታድርጓት።

ኮምፕሊመንትን የሚያግድ መድኃኒት ትልቁ አደጋ ማጅራት ገትር ነው። ያን ባክቴሪያ የሚገድለው በአብዛኛው ኮምፕሊመንት ስለሆነ ነው። እኛ አገር የማጅራት ገትርን ክፋት ማንም አያስተምረንም፤ እናቴ በስልክ ስትሰማ «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል?» ነው ያለችኝ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ሁለቱንም ዓይነት ክትባት ወሰደች፣ አንደኛው ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ዋይ የሚባሉትን የባክቴሪያውን ዓይነቶች የሚሸፍነው፣ ሌላው «ቢ» የሚባለውን የሚሸፍነው። ክትባቱ ቢወሰድም አደጋው ሙሉ በሙሉ አይጠፋምና ፔኒሲሊንም ተጨመረላት። የማስጠንቀቂያ ካርድ ይሰጣችኋል፤ ልጄ የስልኳ መያዣ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፣ አስተማሪዎቿም ቅጂው አላቸው። መድኃኒቱ ቢቆም እንኳ ለሦስት ወር መያዝ አለበት። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም ሽፍታ ካያችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ካርዱን ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ምናልባት ሌላ ክራይሲስ ቢመጣ ደግሞ ይህን መድኃኒት እንደምትወስድ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ፕላዝማ ሲቀየር መድኃኒቱም አብሮ ይወጣል።

በደም ሥር ነው የሚሰጠው፣ መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ። ለውጡን መጀመሪያ ያየሁት ምግብ ላይ ነው። እጇ ከአገጯ ሥር ጠፋ። ስታወራ ድምፅዋ እስከ ማታ ይዘልቃል። ስቴሮይዱ ቀስ እያለ ወርዶ አሁን ከነበረበት ሩብ ላይ ነው፣ ፊቷም ተመልሷል። አልዳነችም። ስትሮጥ ዓይኗ አሁንም ከደን ይላል፣ በሐምሌ ሙቀት ከቤት አላወጣትም፣ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። የቀጠሮው ቀን ሲያልፍባት እንደምትደክም ስለምታውቅ ቀኑን ራሷ ነው የምታስታውሰኝ። እስከ መቼ ትወስዳለች ብዬ ስጠይቅ ሐኪሟ የምትነግረኝ ስቴሮይዱ ከቆመ በኋላ እናያለን ነው።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ 504 የሚባለውን፣ ለልጃችሁ በሕመሟ ምክንያት ምን እንደሚደረግላት የሚዘረዝረውን ዕቅድ በጽሑፍ ጠይቁ። የእኛ ላይ የተጻፈው፦ ፈተና ጠዋት፣ የሊፍት ቁልፍ፣ ሜስቲኖኑ ከምሳ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ስፖርት በራሷ ልክ፣ ድምፅዋ ሲቀየር ወዲያው ለእኔ ስልክ። የመጨረሻውን አስምራችሁ አስገቡት።

አገር ቤት ላላችሁ ወላጆች፣ እነዚህ አዲስ መድኃኒቶች ዋጋቸው የማይቀመስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህም ያለ ኢንሹራንስ ማንም አይችለውም። ግን ብዙ ልጆች ፒሪዶስቲግሚን፣ ስቴሮይድና አዛቲዮፕሪን የሚባለው መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት በሥርዓት ተሰጥቷቸው ደህና ይኖራሉ፤ ለልጄ አለመብቃቱ ለእናንተም አይበቃም ማለት አይደለም። ፒሪዶስቲግሚን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ገበያ ላይ ግን ይጠፋል። ከውጭ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ የሐኪም ማዘዣና ደብዳቤ አብሮት ይምጣ፣ ከማሸጊያው አይውጣ፣ ቢያንስ የአንድ ወር ትርፍ ይኑራችሁ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ለሐኪሙ ቀድማችሁ ተናገሩ እንጂ መጠኑን ራሳችሁ እየቀነሳችሁ አታብቃቁ። ዘንድሮ ለገና ጎንደር ልንሄድ ነው፤ ሐኪሟ በሁለት የመድኃኒት ቀጠሮዎች መሃል እንድንሄድና እንድንመለስ ቀኑን አስልታልናለች፣ የተከለከሉትን መድኃኒቶች ዝርዝርም በአማርኛ ጽፌ ከፓስፖርቷ ጋር አድርጌዋለሁ።